የሕንፃው ብቸኛ ሽጉጥ

ባልና ሚስቱ አንድ ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጥበቃ ነበሩ። እሱን የሥራ ባልደረቦቹ «ረጅሙ» ይሉታል፤ በር ላይ ሲቆም አናቱ መቃኑን ሊነካ ምንም አይቀረውም። እሷ «ቁጥቧ» ናት፤ አንድ ቃል በሚበቃበት ቦታ ሁለት ስትናገር የሰማት ሰው የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ዋናው በር ላይ፣ እሱ በወንዶቹ እሷ በሴቶቹ በኩል፣ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆመው ቦርሳ ሲፈትሹ ኖረዋል። ሰው ጋብ ሲል እሱ ያወራል፣ እሷ ትስቃለች።

ያ በር የረጅሙ ግዛት ነበር። በተለይ መሣሪያ የያዘ ሰው ሲመጣ ደረቱ ይሰፋል። በሩ መስታወት ላይ በቀይ መስመር የተሰረዘ የሽጉጥ ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥሩ «ፈቃድ ቢኖርዎትም» ይላል። ያቺን ቃል ያስጻፏት ባለ ሕንፃው ራሳቸው ናቸው። ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ አሥር ትንንሽ የብረት ሣጥኖች ተሰቅለዋል። ባለ ሽጉጥ የሆነ ሁሉ ሽጉጡን እዚያ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይገባል። ታዲያ ሳይከራከር የሚቆልፍ ጥቂት ነው።

«መንግሥት ያዝ ብሎ የፈቀደልኝን አንተ ማነህና ነው የምትከለክለኝ?» ይላል አንዱ።

«እኔማ ማንም አይደለሁም ጋሼ» ይላል ረጅሙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፈቃዱ ለመንገዱ ነው። ይኼ ደግሞ የሰው ቤት ነው። እርስዎስ ቤት እንግዳ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚገባ የሚወስነው ማነው?»

አብዛኛው ሰው ይኼን ሲሰማ ወይ ይስቃል ወይ ያጉረመርማል፣ መጨረሻ ላይ ግን ይቆልፋል። ረጅሙም ማታ ቤቱ ገብቶ፣ የሰውዬውን ድምፅና የራሱን ድምፅ እያፈራረቀ፣ ለሚስቱና ለሰባት ዓመት ልጁ ይተርክላቸዋል።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች በመኪና ማቆሚያው ሊፍት ወጥተው ታችኛው ፎቅ ያለውን ወርቅ ቤት ዘረፉ። ሽጉጥ ይዘው ነበር። ጥበቃዎቹ የነበራቸው ራዲዮና ፊሽካ ብቻ ስለሆነ ዘራፊዎቹ ሳይሮጡ፣ እንደ ደንበኛ ተረጋግተው ወጡ። ሰው አልተጎዳም። ወርቅ ሻጩ ግን ባለ ሱቆቹን ሁሉ ሰብስቦ ባለ ሕንፃው ቢሮ ገባና «ወይ መሣሪያ የታጠቀ ጥበቃ ይቅጠሩልን፣ ወይ ቁልፍዎን ይረከቡን» አላቸው። ባለ ሕንፃው ሽጉጥ የሚባል ነገር ማየት አይወዱም። ሳምንት ሙሉ ሲያንገራግሩ ከርመው በመጨረሻ ለአንድ ሽጉጥ፣ ለአንድ ብቻ፣ ፈቃድ አወጡ።

ማን ይያዘው የሚለው ሲነሳ የሁሉም ዓይን ረጅሙ ላይ አረፈ። ወጣት ሳለ ሁለት ዓመት ወታደር ነበር፤ ስለዚያ ጊዜ ያላወራለት ሰው ሕንፃው ውስጥ የለም። በእርግጥ ከሁለቱ ዓመት አብዛኛውን ያሳለፈው ግምጃ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ሲያድል ነው። ይኼን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት፤ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ግን «በችሎታ ይሁን» አለና አሥሩንም ጥበቃዎች ለአምስት ቀን ከከተማ ወጣ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ላካቸው። አሠልጣኙ ጡረታ የወጡ ሻምበል ነበሩ፤ ቀጠን ያሉ፣ ሽበታቸውን በሥርዓት የተቆረጡ፣ ሰው ሲሳሳት የማይቆጡ፣ «እንደገና» ብቻ የሚሉ ሰው። በመጀመሪያው ቀን ረጅሙ ሽጉጡን ተቀብሎ ለባልደረቦቹ አያያዙን ያሳይ ጀመር። ሻምበሉ ትንሽ አዩትና «እንደገና» አሉት። ቁጥቧ በሕይወቷ ሽጉጥ ነክታ አታውቅም። እንዴት ቁሚ ሲሏት እንደዚያ ቆመች፤ እንዴት ተንፍሺ ሲሏት እንደዚያ ተነፈሰች።

አምስተኛው ቀን ላይ ሁሉም ሃያ ሃያ ጥይት ተኮሱ። ረጅሙ አሥራ አንድ መታ። ቁጥቧ አሥራ ስምንት።

ሻምበሉ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቆጠሩና «ይህችን ልጅ እስከዛሬ የት ደብቃችኋት ነው?» አሉ። ሰው ሳቀ። ረጅሙም ሳቀ። ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበውም እሱ ነው። እጁ ላይ የነበረው ጭብጨባ ግን ሆዱ አልደረሰም። አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲመለሱ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት።

«ፈርቼ ነበር» አለችው።

«ኤዲያ፣ አሥራ ስምንት መትተሽ?»

ትከሻው ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። እሱ እስከ ከተማው ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ ያመለጡትን ዘጠኝ ጥይቶች አንድ በአንድ ሲቆጥር መጣ።

ከዚያ ወዲያ ቁጥቧ ከበሩ ተነሳች። ጥቁር ጃኬት ተሰፋላት፤ ወገቧ ላይ የቆዳ ማኅደር ታጠቀች፤ ጧት ከካዝና ሽጉጡን ፈርማ ትወስዳለች፣ ማታ ፈርማ ትመልሳለች። አምስቱንም ፎቅ ቀስ ብላ ትዞራለች። በሴቶቹ በኩል በእሷ ቦታ ማስቲካ የምታኝክ አዲስ ልጅ መጣች። ረጅሙ ቢያወራላት አትስቅም፤ ጆሮዋ ላይ ሁልጊዜ ሙዚቃ አለ።

መጀመሪያ ያበሸቀው ወንበሩ ነው። ወርቅ ሻጩ ለቁጥቧ ብሎ ባለ መደገፊያ ወንበር ሱቁ ደጃፍ ላይ አስቀመጠላት። ረጅሙ ስድስት ዓመት ሙሉ በር ላይ ሲቆም «ትንሽ አረፍ በል» ያለው ሰው የለም። ከዚያ ሰላምታው መጣ። ልብስ ሻጮቹ፣ ፀጉር ቤቶቹ፣ ሊፍት ጠጋኙ ሳይቀር እሷ ስታልፍ ብድግ ይላሉ። እሱን «አንተ ረጅሙ፣ ታክሲ አስቁምልኝ» ይሉታል።

ትምህርት ቤት ሄዳ ልጃቸውን የምታመጣላቸው ታላቅ እህቱ ደግሞ በቁስሉ ላይ ጨው ነሰነሰችበት።

«እኔ ምለው» አለችው አንድ ቀን፣ በር ላይ ቆማ፣ «ሚስትህ ሽጉጥ ታጥቃ ስትንጎራደድ አንተ የሰው ቦርሳ ትበረብራለህ አሉ። እውነት ነው?»

«ሥራ ነው እታለም። ሥራ ሥራ ነው።»

«አይ፣ እኔማ ምን አገባኝ። ሰው ሲስቅ ሰማሁና ነው።»

እህቱ ያንን ተናግራ ወደ ቤቷ ሄደች። እሱ ግን ሲበላም ሲተኛም ቃሏን ሲያመነዥክ ሰነበተ።

ቤት ውስጥ ጨዋታው ሁሉ ሽሙጥ ያለበት ሆነ። ቁጥቧ ሻይ ስትቀዳለት «ኧረ ተይው፣ ባለ ሽጉጥ ሰው ሻይ አይቀዳም» ይላታል። በር ሲንኳኳ «አንቺ ክፈቺ፣ እኔ ባዶ እጄን ነኝ» ይላል። እሷ ቀና ብላ ታየዋለች፣ ከዚያ ሥራዋን ትቀጥላለች። ዝምታዋ ከመልስ ይብስበታል። ቢሰዳደቡ ይሻለው ነበር።

ማኅደሩ ወገቧን ይልጠው ስለነበር አንድ ቅዳሜ ቤት ይዛው መጣች፤ ሽጉጡ ካዝና ነው፣ ባዶውን ነው ያመጣችው። ከውስጥ በኩል ለስላሳ ጨርቅ ልትሰፋበት አስባ ወንበር ላይ አንጠለጠለችውና ልትታጠብ ገባች። ረጅሙ የውሃውን ድምፅ ሲሰማ ማኅደሩን አነሳ። ቀበቶውን ወገቡ ላይ አዞረው። አልደረሰም። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ሆዱን ጭብጥ አድርጎ ሲጎትተው፣ ልጁ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«አባዬ፣ እሱኮ የእማዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ላስተካክልላት ብዬ ነው።»

ቶሎ ፈታውና መልሶ አንጠለጠለው። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። የሰባት ዓመት ልጅ ፊት እንዲህ ያፈረበት ቀን ትዝ አይለውም።

ከሁሉ የባሰው ግን ሻምበሉ ነበሩ። በውሉ መሠረት በየሐሙሱ እየመጡ ሽጉጡን ያያሉ፣ ቁጥቧን ግማሽ ሰዓት ያሠለጥናሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ ገና ያልተከራየ ባዶ ሱቅ አለ፤ እዚያ ይገባሉ። ረጅሙ በምሳ ሰዓቱ ካሜራ ክፍል መሄድ አመጣ። ካሜራ የሚከታተለው ባልደረባው ጓደኛው ነው፤ «እግሬን ላሳርፍ» ብሎ ይቀመጥና አሥራ ስድስቱን ትንንሽ ስክሪኖች ትቶ አንዱን ብቻ ያያል። ሻምበሉ ሲናገሩ ይታያሉ፤ ድምፅ የለም። ቁጥቧ ትስቃለች። አዎ፣ ትስቃለች። ቀድሞ በሩ ላይ ለእሱ ትስቅ እንደነበረው፣ አፏን በእጇ ከለል አድርጋ። ከዚያ ሻምበሉ ክርኗን ያዙና ቀስ ብለው ቀና አደረጉት።

«እኚህ ሽማግሌ ግን ምን ሲያስተምሩ ነው የሚውሉት?» አለ ረጅሙ፣ የቀልድ ለማስመሰል።

ጓደኛው ዞር ብሎ አየውና «ወንድሜ፣ ምሳህን ብላ» አለው።

ማታ ረጅሙ እራት ላይ «ዛሬ ምን ነበር የሚያስቅሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«መቼ?»

«ሻምበሉ ጋ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንተ የት ሆነህ አየኸኝ?»

«ሰው ነገረኝ።»

«ሚስታቸው ሽጉጥ ስለምትፈራ ቤት ውስጥ በመጥረጊያ እጀታ ነው የሚለማመዱት። እሱን ሲነግሩኝ ነው የሳቅኩት።» ማንኪያዋን መልሳ አነሳችና ጨመረች፤ «ደግሞ ክርንሽን ቀና አድርጊ ብለውኛል። ሌላስ ልንገርህ?»

«በቃኝ» አለ። አልበቃውም ነበር። አመናት፤ ግን ማመኑ ምንም አላቀለለለትም። ያኔ ነው ነገሩ የወንድ ቅናት ብቻ አለመሆኑ ለራሱ የገባው። ሻምበሉን ከክፍሉ አውጥቶ እሱ ቢገባ እንኳ ሊሆን የፈለገው አስተማሪዋን አልነበረም። እሷን ነበር። ክርኑን ቀና የሚያደርጉለት፣ «የት ደብቃችሁት ነው» የሚባልለት እሱ እንዲሆን ነበር የፈለገው። ይኼንን ለማን ይናገሩታል?

በሳምንቱ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ሕንፃው በሰው ጢም ብሎ፣ የብረት ነጋዴው መጣ። የታወቀ ደንበኛ ነው፤ ሃምሳዎቹን ያገባደደ፣ ግራጫ ጃኬት የማይለየው፣ ከጃኬቱ ሥር ደግሞ ሽጉጡ። ሁልጊዜ ሲገባ አጉረምርሞ ይቆልፋል። በዚያን ቀን ግን ሚስቱና ኮረዳ ልጁ አብረውት ነበሩ፤ ከኋላው ረጅም ሰልፍ ተሰልፏል።

«ዛሬ እንኳ ተወኝ» አለ ነጋዴው ጠጋ ብሎ። «ለልጄ ጫማ ገዝቼ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እወጣለሁ። ሰው ፊት ሽጉጥ መዝዤ ሣጥን ስከት ልጄ ትሳቀቃለች።»

«ደንቡ ነው ጋሼ።»

«ደንቡን አንተ ነህ የምታወጣው? ገባኝ፣ ገባኝ። አንተም ታዛዥ ነህ።» ወደ ላይ፣ ወደ ፎቁ፣ በአገጩ ጠቆመ። «ከፈለግክ ባለቤትህን አስጠይቅ። ባለ ሽጉጧ እሷ ናት አሉ። እሷ ከፈቀደች አንተ ምን ቸገረህ?»

ማስቲካ የምታኝከው ልጅ ከት ብላ ሳቀች። በምን እንደሳቀች አይታወቅም፤ ምናልባት ጆሮዋ ላይ ያለው ነገር አስቋት ይሆናል። ረጅሙ ግን ደሙ ፈላ። ቀና ብሎ በመሃሉ ክፍት ቦታ ወደ ላይ አየ። አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጥቧ አንድ እጇን የመደገፊያው ብረት ላይ ጣል አድርጋ ከአሻንጉሊት ሻጩ ጋር ቆማለች፤ ጃኬቷ ልክክ ብሎባታል። እዚህ በር ላይ የምወስነው እኔ ነኝ፣ አለ በልቡ። ሌላም ነገር አለ፣ በኋላ ለራሱ እንኳ ለመድገም ያፈረበትን፦ እስቲ በሕንፃዋ ውስጥ የማታውቀው አንድ ሽጉጥ ይዙር።

የእጅ መፈተሻውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ተጫነ። አረንጓዴው መብራት ጠፋ። የሞተውን መፈተሻ በነጋዴው ጎንና ጎን ለይስሙላ አሳለፈና «ይለፉ» አለው።

ነጋዴው ትከሻውን መታ አድርጎት ገባ። ረጅሙ ለአንድ አፍታ ደስ አለው። ከዚያ መፈተሻውን አብርቶ ቀጣዩን ሰው መፈተሽ ጀመረ፤ ግን እጁ ላይ ያለውን ቦርሳ ማን እንደሰጠው አያውቅም። ልጥራውና ልመልሰው ብሎ አሰበ። ሰልፉ ረጅም ነው። አሥር ደቂቃ ነው ያለው። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ላይ ተተከለ።

ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ተኩስ ተሰማ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወፍራም ድምፅ፣ ወዲያው ደግሞ ብዙ መስታወት ሲረግፍ። ሕንፃው ለአፍታ ጸጥ አለና ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሰው ደረጃውን እየተደረመሰ ወደ በሩ ፈሰሰ። ራዲዮው ላይ አምስት ሰው አንድ ላይ ያወራል፤ ከመሃሉ አንድ ድምፅ ለየ፦ «ሁለተኛ ፎቅ፣ ጫማ ቤት፣ ሽጉጥ የያዘ ሰው አለ፣ ሴት ወድቃለች።» ቀጥሎ የቁጥቧ ድምፅ፣ እንደ ሁልጊዜው አጭር፦ «እየወረድኩ ነው።»

ረጅሙ ራዲዮውን ተጭኖ ሊናገር ሞከረ፤ መስመሩ ተይዟል። ሚስቱ ሌባ መጣ ብላ ነው የምትወርደው። የብረት ነጋዴው መሆኑን፣ ፈቃድ ያለው ሰው መሆኑን፣ ለልጁ ጫማ ሊገዛ የመጣ አባት መሆኑን አታውቅም። ሊነግራት የሚችለው ሰው እሱ ብቻ ነው። ራዲዮውን ጣለና ከሚወርደው ሰው ጋር እየተጋፋ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን መውጣት ጀመረ። አንድ ሰው ክርኑን አፍንጫው ላይ አሳረፈበት፤ አልተሰማውም።

በኋላ እንደተነገረው፣ ነጋዴው ራሱም አንድ ጫማ ልሞክር ብሎ ሲያጎነብስ ሽጉጡ ከወገቡ ሾልኮ ወደቀ። ሰው ሳያየኝ ብሎ ሲቀልበው ጣቱ ምላጩ ላይ አረፈና ባረቀበት። ጥይቱ የግድግዳውን መስታወት መታ። የመስታወቱ ስብርባሪ ጫማ ሻጯን ባቷ ላይ ቆረጣት።

ረጅሙ ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ቁጥቧ ከጫማ ቤቱ ፊት ለፊት አምድ ተከልላ ቆማለች። ሽጉጡን በሁለት እጇ ይዛ፣ ክርኗን ቀና አድርጋ። ሱቁ ውስጥ ነጋዴው በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ቆሞ፣ ሽጉጡን እንደያዘ፣ የሚያየውን የማያይ ሰው ይመስላል። ጫማ ሻጯ ወለሉ ላይ ደም እየፈሰሳት ትንሰቀሰቃለች። ሚስቱና ልጁ ከወንበር ሥር ተጣብቀዋል።

«ሽጉጡን ያስቀምጡ» አለች ቁጥቧ።

ነጋዴው ጆሮው ደንቁሮ ነበር። የድምፅ ጭላንጭል ሲሰማው ወደሷ ዞረ፤ እጁ ላይ ያለው ሽጉጥም አብሮት ዞረ።

«አትተኩሺ» ብሎ ጮኸ ረጅሙ። «አትተኩሺ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያስገባሁት። ባርቆበት ነው፣ ሌባ አይደለም።»

እየጮኸ በሁለቱ መሃል ሊገባ ሲል ቁጥቧ ዓይኗን ከነጋዴው ሳትነቅል «ወደ ኋላ» አለችው። ቆመ። ባለ ሱቆቹ በየበራቸው ተደብቀው ያያሉ፤ ያለውን ሁሉም ሰምተዋል።

የነጋዴው ሚስት ከወንበሩ ሥር እጇን ዘርግታ የባሏን ሱሪ ጎተተች። «አባቷ፣ አስቀምጠው። በእናትህ አስቀምጠው።» ነጋዴው ቁልቁል አየ። እጁ ላይ ያለውን ነገር ገና ያኔ ያየው ይመስል ደነገጠ። ተንበርክኮ መሬት ላይ አኖረው።

ቁጥቧ ሽጉጡን በእግሯ ገፍታ አራቀችና የራሷን ማኅደር ውስጥ ከተተች። ከዚያ ጫማ ሻጯ ጎን ቁጭ ብላ፣ ከመደርደሪያ የወደቀ ጫማ ላይ ያለውን ክር መዝዛ፣ ሻርፗን ባቷ ላይ ጠምጥማ በክሩ አጥብቃ አሰረችላት። «አይዞሽ እህቴ፣ ጥልቅ አይደለም» አለቻት።  ነርሶቹ መጥተው ሲረከቧት ረጅሙ ቁጥቧን ሊያነሳት እጁን ዘረጋላት። አልያዘችውም። አምዱን ተደግፋ ተነሳች።

«አንተ ነህ ያስገባኸው?» አለችው።

«አዎ።»

«መፈተሻው አልጮኸም?»

«አጥፍቼው ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ሰዓት ስንት ነው ብላ ጠይቃ እንደተነገራት ሰው።

ፖሊስ ነጋዴውንና ሽጉጡን ይዞ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ረጅሙ ባለ ሕንፃው ቢሮ ተጠራ። ባለ ሕንፃው መስኮቱ ጋ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ እያሽከረከረ በለሆሳስ «እነዚህ መፈተሻዎች ባትሪያቸው እያለቀ ያስቸግራል አይደል?» አለ። መውጫ ሊሰጠው እንደሆነ ረጅሙ ገባው። «ጥበቃው ሆን ብሎ አስገባ» ከሚባል «ባትሪ አለቀ» ቢባል ለሕንፃውም ስም ይሻላል።

«ባትሪው አላለቀም» አለ ረጅሙ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ካሜራውም ያሳያል።»

ባለ ሕንፃው ዞሩ። «ለምን?»

  «የታወቁ ሰው ናቸው ብዬ ነው» አለ ረጅሙ። ይኼ ውሸት አልነበረም፤ እውነቱም ግን አልነበረም። በዚያው ቀን የደንብ ልብሱን አስረከበ።

ቁጥቧ ስድስት ቀን አላናገረችውም። በፊትም ዝምተኛ ናት፤ ይኼኛው ዝምታ ግን ሌላ ነበር። ምግቡን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ዓይኑን አታይም። እሱ በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄዶ ጫማ ሻጯን ይቅርታ ጠየቃት። ባቷ ላይ ዘጠኝ ቦታ ተሰፍታለች። «ሰው ሆነህ መምጣትህ ጥሩ ነው» አለችው፤ «ግን ሁለተኛ አትምጣብኝ።» አልሄደም።

በሰባተኛው ቀን፣ ልጃቸው አክስቷ ጋ በነበረችበት፣ ቁጥቧ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጣቴ ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር» አለች። «ባትደርስ እተኩስ ነበር። ሰውዬው ልጁ ፊት ይሞት ነበር። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን እሱን ይዤ እኖር ነበር። ይኼ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«አይመስለኝም። ለምን አጠፋኸው?»

ለባለ ሕንፃው ያለውን ሊደግም ጀመረና አቆመ። መሬት መሬቱን እያየ ነገራት። ስለ ወንበሩ፣ ስለ እህቱ፣ ስለ ካሜራ ክፍሉ፣ ስለ ዘጠኙ ጥይት። በመጨረሻም ያቺን ያፈረባትን ሐሳብ፣ የማታውቀው ሽጉጥ ይዙር ያላትን፣ እንዳለች አወጣት። ቁጥቧ ሳታቋርጠው ሰማችው። ፊቷ ላይ ደስ የሚል ነገር አልነበረም።

«ማኅደሩን መሞከርህን ልጅቷ ነግራኛለች» አለች። «ያን ቀን ልጠይቅህ ነበር። ያልፍለታል ብዬ ተውኩት። እኔም መተው አልነበረብኝም።» ከዚያ ተነስታ ጫማዋን አወለቀች። «ሽጉጡን ግን አልመልስም። መልሺ ብትለኝ እንኳ አልመልስም። ስለምወደው አይደለም። በደንብ ስለምይዘው ነው።»

«መልሺ አልልሽም።»

«በልብህስ?»

ያወለቀችውን ጫማ አንስቶ በሩ ጋ አስቀመጠላት።

ረጅሙ ወር ሳይሞላው እንጨት መሸጫ ግቢ ውስጥ ሥራ አገኘ፤ ጣውላ ይለካል፣ መኪና ላይ ያስጭናል። እዚያ የሚፈተሽ ሰው የለም፤ የመጣ ሁሉ የፈለገውን ይዞ ይገባል። መዳፉ ስንጥር በስንጥር ሆነ። ማታ ማታ ቁጥቧ መብራቱ ሥር አስቀምጣው በመርፌ ታወጣለታለች፤ እሱም ቀስ በቀስ የግቢውን ሰዎች ድምፅ እያስመሰለ መተረክ ጀመረ። መጀመሪያ የሳቀችው ልጅቷ ናት። ሚስቱ ብዙ ሳምንት ቆየች።

አንድ ምሽት፣ እራት ሲበሉ፣ ቁጥቧ «የጥበቃ ኃላፊ ሁኚ ተባልኩ» አለች። «ሁሉም ጥበቃ በእኔ ሥር።»

ረጅሙ ጉርሻውን ዋጠ። ያቺ የሚያውቃት ነገር ምንም ሳትቀንስ ተመለሰችበት። ቀልድ አሰበ፤ «ታዲያ ሰላምታ እንስጥሽ ወይ» የሚል ዓይነት። ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰና ተወው።

«ቀናሁ» አላት።

ቀና ብላ አየችው። ልጅቷም አየችው።

«በጣም?» አለች ቁጥቧ።

«አዎ፣ በጣም።»

«እሺ» አለች። «ተቀበዪ ብለውኝ ገና መልስ አልሰጠሁም። አንተ ምን ትላለህ?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ በር ላይ ስድስት ዓመት ቆሞ የሚያውቀውን ሁሉ፣ የትኛው ጥበቃ እንቅልፋም እንደሆነ፣ የመኪና ማቆሚያው ሊፍት ለምን ሰው እንደሚያስፈልገው፣ የታወቀ ደንበኛ ሲለማመጥ ምን ማለት እንደሚገባ፣ አንድ በአንድ ይነግራት ጀመር። እሷ ከልጅቷ ደብተር አንድ ገጽ ገንጥላ ትጽፍ ነበር።